የሌንስተር ዝግጅትና አዲሱ አምበል

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የአየርላንዱ የራግቢ ቡድን ሌንስተር ለ2024/25 (እ.ኤ.አ.) ውድድር ኬለን ዶሪስን አምበል አድርጎ መርጧል። ከዚያ በፊት በነበረው 2023/24 ጄምስ ራያንና ጋሪ ሪንግሮዝ በጋራ ነበር የመሩት። ኃላፊነቱ ወደ አንድ ሰው መመለሱ ደስ ብሎኛል።

በራግቢ የአምበል ሥራ ከባድ ነው። ዳኛውን የሚያናግረው እሱ ነው። ቅጣት ሲገኝም ኳሷን ወደ ግብ መትቶ 3 ነጥብ መውሰድ ነው ወይስ 5 ነጥብ ለሚያስገኘው ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት) መድፈር? ደቂቃ ሳይሞላ የሚወስነው እሱ ነው። ዶሪስ ሐምሌ 2024 ላይ ደርባን ውስጥ አየርላንድን መርቶ ደቡብ አፍሪካን 25 ለ 24 ሲያሸንፍ አይተናል። ልጁ አይደናገጥም።

ከዚያ የደቡብ አፍሪካ ጉዞ የተመለሱት የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች እረፍት ስለሚገባቸው የዚያን ውድድር ዝግጅት ዘግይተው የሚቀላቀሉ ነበሩ። የወዳጅነት ጨዋታዎቹ በአብዛኛው የወጣቶቹ ነበሩ፤ እባካችሁ አትናቋቸው።

አዲስ ተጫዋቾችም አሉ፦ ስናይማን ከአየርላንዱ ቡድን መንስተር፣ ስሊማኒ ከፈረንሳዩ ክሌርሞን መጥተዋል። የኒውዚላንዱ ጆርዲ ባሬት ደግሞ ታኅሣሥ 2024 ላይ ደርሷል። ሦስት የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜዎችን በተከታታይ (ከ2022 እስከ 2024) ለተሸነፈ ቡድን ይህ ትልቅ ጉልበት ነበር። አሰልጣኝ ሊዮ ከለን ግን አጥቂዎቹን እንዴት እንደሚያቀናጅ ያኔ ገና ማየት ነበረብን። ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።