መነሻ ደመወዟን ጠይቂልኝ

ደሴ

ለውድ ዘሀራ፣

እንደምን ከርመሻል? እናታችንስ እንዴት ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ መጥፋቴን ይቅር በይኝ። ታናሽሽ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ልትገባ ነው ሲሉኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከመፈረሟ በፊት አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ «በወር 4,160 ብር» ካሏት፣ መነሻ ደመወዙ ስንቱ ነው?

ብዙ ጊዜ ከፋፍለው ነው የሚጽፉት። 3,120 መነሻ፣ 1,040 ያለመቅረት አበል እንበል። ልጅቷ ድምሩን ታያለች፤ ሒሳቡ የሚሠራው ግን በመነሻው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አበልና ማበረታቻ ደመወዝ አይባሉም።

እስቲ 3,120ን ለ26 ቀን፣ ከዚያ ለ8 ሰዓት አካፍዪው። ሰዓቷ 15 ብር ነው። 4,160ው ሙሉ በሙሉ ደመወዝ ቢሆን 20 ይሆን ነበር። ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ስለሚባዛ 30 ብር የሚገባት ልጅ 22.50 ትቀበላለች። ሕጉ እስከሚፈቅደው፣ በሳምንት 12 ሰዓት ብትሠራ፣ በ4 ሳምንት 360 ብር ይቀርባታል። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታም በ114.40 ያንሳል። በአንዲት ልጅ 474.40፤ 1,000 ሠራተኛ ላለው ፋብሪካ በወር 474,400 ብር! ማንንም ሳያባርር፣ ሕግ ሳይጥስ። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

አበሉም ቢሆን የሚታመን አይደለም። ታማ ወይም በሐረጎ መንገድ ሰርቪስ አምልጧት አንድ ቀን ብትቀር፣ የወሩን በሙሉ የሚቆርጡ አሉ።

በዚህ ላይ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ጨርቁንም በዶላር ይገዛል፣ እውነት ነው፤ ጉልበት የሚገዛው ግን በብር ነው። ደመወዙ በዚያው ልክ ካላደገ የሠራተኛዋ ሰዓት በዶላር ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው፤ ዘይቱንና የቤት ኪራዩን ግን በአዲሱ ዋጋ ትከፍላለች። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ቢልም፣ የግል ድርጅቶች ዝቅተኛ ደመወዝ በቁጥር ሳይወሰን ስንት ዓመት አለፈ።

መግቢያና መውጫ ሰዓቷን በየቀኑ ደብተር ላይ ትጻፍ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 የሠራችው ትርፍ ሰዓት በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍቷ ቀን በ2፣ የበዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ከፔሮሉ ጋር ካልገጠመ ቶሎ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ያልተከፈለ ደመወዝም ሆነ ትርፍ ሰዓት በ6 ወር ውስጥ በክስ ካልተጠየቀ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበት፣ ይቀራል። «ቆይ፣ ይስተካከላል» ሲሏት ቀኑ እየሄደ ነው። ብቻዋን ከምትጠይቅ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ትግባ፤ ከሌለም 10 ሠራተኞች ማቋቋም ይችላሉ።

50 ብር ጨመረልኝ ብላ ፋብሪካ ለመቀየር አትቸኩል። አዲስ ቦታ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርሰው ሙከራ እንደገና ይጀምራል፣ የዓመት ፈቃዷም ወደ 16 ቀን ይመለሳል።

ውሉን ፎቶ አንሥታ ሳትፈርም ትላክልኝ፤ የአበሉን አንቀጽ መጀመሪያ አየዋለሁ።

ናፋቂሽ