አያትሽ ስለ ትምህርትሽ ጠየቀችኝ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቡሬ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ በቆሎውም ደህና ይዟል።

የምጽፍልሽ ስለ ፋሲካው ነገር ነው። አያትሽ «ምንድን ነው የምትማሪው?» ስትልሽ «ባዮሎጂ» ብለሽ ወጥ ልታወጪ ጓዳ ገባሽ። የወንድ ዘርን ከተህዋስ ስለሚጠብቁት፣ ዲፌንሲን ስለሚባሉት ፕሮቲኖች እንደምትማሪ መናገር አፍረሽ ነው። እኔ እኮ 28 ዓመት የኮርማ ዘር የሚቀዘቅዝበት ናይትሮጅን የተሞላ ጋን ተሸክሜ ላም ሳዳቅል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንቱ ገበሬ «ኮርማው መጣ!» እያለ ስቆብኛል መሰለሽ።

ስለዚህ ሰሞኑን ቁጭ አድርጌ እኔው ነገርኳት።

«እማዬ፣ የወንድ ዘር ለገዛ ባለቤቱ ሰውነት እንግዳ ነው» አልኳት። መመረት የሚጀምረው በጉርምስና ነው። ከበሽታ የሚከላከሉት የሰውነት ዘበኞች ደግሞ የቤቱን ሰው ለይተው የሚያውቁት ገና በሕፃንነት ነው። ስለዚህ ዘሩን እንደ ጠላት እንዳያዩት ቆለጥ ውስጥ ጥብቅ አጥር አለ። ከቆለጡ ጀርባ የተጠቀለለው ቀጭን ቱቦ፣ እናንተ ኤፒዲዲሚስ የምትሉት፣ ሌላ ችግር አለበት። የሰው ቢዘረጋ 6 ሜትር ያህል ነው። በሽንት ቧንቧ በኩል ተህዋስ ሽቅብ ሲመጣ ሰውነት ሙሉ ጦርነት ቢከፍት ዘሩም አብሮ ያልቃል፣ ቱቦውም ጠባሳ ይዞ ይደፈናል። ድምፅ የሌለው መሣሪያ ያስፈልጋል።

ዲፌንሲኖቹ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ትንንሽ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ናቸው፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው። የባክቴሪያው ቆዳ ኔጌቲቭ ነው። ይሳባሉ፣ ይለጠፋሉ፣ ይበሱታል። የኛ ሴል የውጭ ገጽ ግን ቻርጁ እምብዛም ስለሆነ በአብዛኛው ያልፉታል።

«እንደ ኮሶ ነዋ! ትሉን እንጂ ሰውየውን አይገድል» አለች አያትሽ። ኮሶ ሰውየውንም እንደሚያንገላታ ረስታው ነው እንጂ ደህና ገብቷታል።

ለኔ የገረመኝ ሌላው ሥራቸው ነው። ዘር ከቆለጥ ሲወጣ መዋኘት አይችልም። በ2001 እ.ኤ.አ. የሻንጋይ ተመራማሪዎች በአይጥ ኤፒዲዲሚስ ውስጥ ቢን1ቢ የሚባል ዲፌንሲን አገኙ። በኋላ እንደታየው ዘሩ ላይ ተጣብቆ መንቀሳቀስ እንዲጀምር ያግዛል። ዘበኛውም አስተማሪውም አንድ ነው ማለት ነው። ዲፌንሲን 126 የሚሉት ደግሞ ዘሩን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፣ የማኅፀን በር ላይ ያለውን ንፍጥ እንዲያልፍም ይረዳዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ የዚህ ዲፌንሲን ጂን ሁለቱም ቅጂዎች የተጎዱባቸው ወንዶች ሚስቶች ለማርገዝ ብዙ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። የወንዶቹ ዘር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቁጥሩም እንቅስቃሴውም ደህና ነው።

ይህን ስናገር አያትሽ ዝም አለች። አክስትሽን አስባ ነው። ሰባት ዓመት «መካን» ተብላ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሌላ አግብታ አራት ወለደች። የመጀመሪያውን ባል ማንም አንድ ቀን የጠየቀው የለም። የሱ ችግር ይህ ጂን ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ወንድ ሊመረመር ይችላል የሚል ሰው ያኔ በሰፈራችን ቢኖር ኖሮ! አንቺ ደግሞ ይህንን እየተማርሽ ጓዳ ትገቢያለሽ።

ከኔ ሥራ ጋር የሚገናኝም አለው። እኛ የምንጠቀምበት የኮርማ ዘር ሲበጠበጥ አንቲባዮቲክ ይጨመርበታል። በናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይቀመጣል። የአሳማ ዘር ግን ብዙውን ጊዜ ሳይቀዘቅዝ 17 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየለመደ ስለሆነ በአንቲባዮቲኩ ፈንታ እንዲህ ያሉ የፕሮቲን ቁርጥራጮችን የሞከሩ አሉ። አሳማ የሚለውን ለአያትሽ አልነገርኳትም። ጾም ላይ ነበረች።

መጨረሻ ላይ «የተኮላሸ በሬስ?» አለችኝ። የወንድ ሆርሞኑ ሲቀር በዚያ ቱቦ ውስጥ ብዙዎቹ ዲፌንሲኖችም እንደሚቀንሱ ነገርኳት።

«ታዲያ! ጎተራው ባዶ ሆኖ ዘበኛው ምን ሊጠብቅ ይቆማል?» ብላ ሳቀች።

ለክረምት ስትመጪ ራሷ ልትጠይቅሽ ተዘጋጅታለች። ሽሮና በርበሬ በመኪና ልኬልሻለሁ፣ መናኸሪያ ሄደሽ ውሰጂ።

አባትሽ