አስመሳዩ ሁልጊዜ «እሺ» ይላል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ ስለ አንድ የሶፍትዌር ብልሽት የጻፋችሁትን አነበብኩ። ጸሐፊው «ፍተሻው ሁሉ ካለፈ ሲስተሙ ለምን ወደቀ?» ብለው ጠይቀው፣ መልሱ ላይ ሳይደርሱ አቆሙ። አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ 11 ዓመት በቴስተርነት፣ ማለትም ሶፍትዌር በመፈተሽ፣ ሠርቼ ጥያቄው በደንብ የገባኝ በቅርቡ ነው። የገባኝም በገዛ ጥፋቴ ነው። ስለዚህ ሌላውን ከማማ የራሴን ልናገር።

የምሠራው የክፍያ ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ ነው። የድርጅቱ ስም ይቅር። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ብቻውን አይኖርም። አንድ ሰው ስልኩ ላይ «ክፈል» የሚለውን ሲነካ፣ የእኛ ሲስተም ደንበኛው ማን እንደሆነ አንዱን ይጠይቃል። ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ መኖሩን ሌላውን ይጠይቃል። ነገሩ ማጭበርበር እንዳይሆን ሦስተኛውን። ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ አራተኛው ነው፤ እሱ የእኛ አይደለም፣ የሌላ ድርጅት ነው። ከአራቱ አንዱ ካኮረፈ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ታዲያ ይህ በየቀኑ እንዴት ይፈተሻል? የአራተኛው ባለቤቶች ለሙከራ የሚሆን ሰርቨር አላቸው። ለእኛ የሚደርሰን ግን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም በወረፋ። አንዳንዴ ተራችን ሲደርስ ሰርቨሩ ጠፍቶ እናገኘዋለን። እኛ ደግሞ ፕሮግራመሮቹ ኮድ ባስገቡ ቁጥር፣ በቀን ሃያም ሠላሳም ጊዜ፣ ፍተሻው ከዳር እስከ ዳር እንዲሮጥ እንፈልጋለን። በወረፋ የሚሆን ነገር አይደለም።

መፍትሔው ተተኪ መሥራት ነው። በሙያው ቋንቋ ሰርቪስ ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል። የእውነተኛውን አገልግሎት ጥያቄና መልስ ትቀዳላችሁ፣ ወይም ከሰነዱ ላይ ትወስዳላችሁ። ከዚያ ልክ እንደሱ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ታቆማላችሁ። የምትፈትሹት ሲስተም ልዩነቱን አያውቅም፤ የሚቀየርበት አድራሻ ብቻ ነው። ዋየርሞክ፣ ማውንትባንክ፣ ሆቨርፍላይ የሚባሉ ነፃ መሣሪያዎች አሉ። ትልልቅ ድርጅቶች የሚገዙትም አለ። እኛ ቢሮ ግን የሁሉም ስም አንድ ነው፦ «አስመሳዩ»። በቀልድ የወጣ ስም ነበር። ምን ያህል ልክ እንደሆነ የገባን ኋላ ነው።

የአራተኛውን አስመሳይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ጥያቄ ሲመጣለት በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ «ተሳክቷል» ይላል። ሒሳቡ ባዶ ለሆነ ደንበኛ «በቂ ገንዘብ የለም» ይላል። በቃ። 1,400 ገደማ ፍተሻዎች በ12 ደቂቃ ሮጠው አረንጓዴ ይሆናሉ፤ አለፉ ማለት ነው። አለቃችን ስክሪኑን እያዩ «ይህን ማየት እንዴት ደስ ይላል» ይሉ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አዲሱ ሪሊዝ፣ ማለትም የታደሰው ሶፍትዌራችን፣ የወጣው ሌሊት ነው። ጠዋት ቢሮ ስደርስ የደንበኞች አገልግሎት ስልክ ተጨናንቋል። የሚደውለው ሁሉ «ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ» ነው የሚለው። ሎጉን፣ ሲስተሙ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፍተን አንዱን ክፍያ ተከተልነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ02 ሰከንድ ላይ ጥያቄው ወጥቷል። በ32ኛው ሰከንድ የእኛ ሲስተም 30 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ቆረጠ፤ ያው ታይምአውት የምንለው ነው። እዚያው ጥያቄውን ደግሞ ላከው። በ33ኛው ሰከንድ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከች አለ፦ «ተሳክቷል»። በአንዲት ሰከንድ ነው የተላለፉት። ትንሽ ቆይቶ የሁለተኛውም መጣ፦ «ተሳክቷል»።

ያ አገልግሎት ሌሊት ሒሳብ ሲዘጋ እንደሚዘገይ ባለቤቶቹ ያውቁታል። እኛ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም።

ጥያቄን ደግሞ መላክ በራሱ ነውር የለበትም። እያንዳንዱ ክፍያ መለያ ቁጥር አለው። ያው ቁጥር ተመልሶ ከመጣ ተቀባዩ «ይሄን ሠርቼዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። የእኛ ኮድ ግን ደግሞ ሲልክ አዲስ መለያ ቁጥር ይሰጠው ነበር። ስለዚህ ለተቀባዩ ሌላ ክፍያ ነው። ጥፋቱ አንዲት የኮድ መስመር ናት። ፍተሻው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሮጧል፤ ያቺን መስመር ግን አንድ ቀንም ነክቷት አያውቅም። እንዴት ይንካት? የእኔ አስመሳይ ዘግይቶ አያውቅማ!

አለቃችን መጀመሪያ የጠየቁት «ተፈትሾ አልነበር እንዴ?» ብለው ነው። «ተፈትሿል» አልኳቸው። አልዋሸሁም። ግን ስመልስላቸው ፊቴን ወደ ስክሪኑ አዞርኩ።

ይህ የእኛ ቢሮ ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አዲሷ የአውሮፓ ሮኬት አሪያን 5 ከፈረንሳይ ጉያና ተነስታ ገና 40 ሰከንድ ያህል እንደበረረች አየር ላይ ተበታተነች። አቅጣጫን የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌሩ ከቀድሞዋ አሪያን 4 የተወሰደ ነበር። አዲሷ ሮኬት የአግድም ፍጥነቷ ከቀድሞዋ ስለበለጠ፣ አንድ ቁጥር በኮምፒውተሩ ውስጥ ከተመደበለት የ16 ቢት ቦታ በላይ ሆነ። መሣሪያው ሥራ አቆመ። መጠባበቂያውም ያንኑ ሶፍትዌር ስለያዘ እሱም ቆመ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው እስከዚህ ያለውን ነው። እኔን የያዘኝ ግን በአጣሪ ቡድኑ ሪፖርት ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው። ሮኬቷ መሬት ላይ በጠቅላላ ስትፈተሽ ያ መሣሪያ ቦታው ላይ አልነበረም። በሶፍትዌር አስመሳይ ተተክቶ ነበር። ምክንያቱም ለብቻው ተፈትሾ አልፏል ተብሎ ይታመን ነበር። የአዲሷን ሮኬት የበረራ መንገድ ለእውነተኛው መሣሪያ ሰጥተው ቢፈትሹት ኖሮ ጉድለቱ ይጋለጥ ነበር።

የባንክ ምሳሌ ለሚፈልግም አለ። እንግሊዝ ውስጥ ቲ.ኤስ.ቢ. የተባለው ባንክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር ብዙዎቹ ከገዛ ሒሳባቸው ውጭ ቀሩ። አዲሱ ሲስተም የሚሠራው በሁለት የዳታ ማዕከሎች ነበር። የአቅም ፍተሻው የተደረገው በአንዱ ብቻ ነው። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ።

አስመሳይ ይቅር እያልኩ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዱ ነገር ያለ እሱ አይፈተሽም። እውነተኛውን አገልግሎት «እስቲ ለ45 ሰከንድ ዝም በልልኝ» ብትሉት አይሰማችሁም። «መልስህን ግማሽ ላይ ቁረጠው» አይባልም። አስመሳዩን ግን ማዘዝ ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ሆኖ ሳለ፣ እኛ የወደድንለት ጨዋነቱን ብቻ ነበር።

ደግሞም አስመሳይ ያረጃል። እውነተኛው አገልግሎት አንድ ቀን የስህተት ኮዱን ይቀይራል፣ አስመሳዩ ያንኑ የድሮውን ይላል። ስለዚህ ያቺን የሳምንት ወረፋችንን አሁን ለሌላ ነገር ነው የምንጠቀምባት። አንድ ዓይነት ጥያቄ ለአስመሳዩም ለእውነተኛውም ልከን መልሳቸውን እናስተያያለን። ከተለያዩ የሚታረመው አስመሳዩ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ማንም «ጎሽ» አይልበትም።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሲስተም ሲወድቅ ኃላፊዎቹን «ተፈትሾ ነበር ወይ?» ብላችሁ ባትጠይቁ ይሻላል። «አዎ» ይሏችኋል፤ እውነታቸውንም ይሆናል። «ከማን ጋር ነው የተፈተሸው?» በሏቸው። «መልሱ ቢዘገይስ ምን ያደርጋል?» በሏቸው። ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ወዲያው ስልክ የሚደወልለት ሰው ይኖራል፤ እሱን ነው ማናገር ያለባችሁ።

እኔ አስመሳዬን እንደገና ጻፍኩት። አሁን ይዘገያል፣ ያኮርፋል፣ አንዳንዴ አንዱን መልስ ሁለቴ ይልካል። በመጀመሪያው ቀን 63 ፍተሻዎች ቀይ ሆኑ። አንዱ ፕሮግራመር ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ኧረ አንቺ፣ እንዲህ ያለ ብልሹ አገልግሎት የት አለ?» አለኝ።

የዚያን ሌሊት ሎግ ከፈትኩለት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሶፍትዌር ቴስተር