እማዬ ዶክተር አይደለሁም

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? እጅሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ገብርኤል ይመስገን። ይሄን ታናሼ ከቴሌግራም ያነብልሻል፣ አደራ ምንም ሳትዘል አንብብላት ብዬዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ሞክሬ ነበር እኮ፣ ግን ገና አፌን ስከፍት በልተሻል ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ መቼ ነው የምትወልጂው ትይኛለሽ፣ ከዛ ሰው ይመጣል፣ በቃ ይቀራል። ዛሬ ኦፍ ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ልናዘዝ። ዶክተር አይደለሁም። ባለፈው ስመጣ ከመናኸሪያ ያመጣኝ የባጃጅ ልጅ ሳይቀር "ዶክተር እንኳን ደህና መጣሽ" ሲለኝ ነው ምን ያህል እንዳስወራሽው የገባኝ። እድር ላይ ዶክተር፣ ማኅበር ላይ ዶክተር። ጎረቤታችን እትዬ ደሞ የግፊት መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው መጥተው "ልጄ እስቲ እይልኝ" ሲሉኝ አፍሬ ዝም አልኩ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው። አንቺ ግን ማታ ብቻችንን ስንሆን ቀስ ብለሽ "ቆይ ወጌሻ ማለት ነው አይደል?" ስትይኝ እንዴት እንደሳቅኩ ታስታውሻለሽ? እውነቱን ከፈለግሽ ከዶክተሩ ወጌሻው ይቀርባል።

ስራው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው የሚባለው። ስትሮክ የመታው፣ ዳሌው የተሰበረ፣ እጁ አልታዘዝ ያለው ሰው ልብሱን ራሱ እንዲለብስ፣ እንዲታጠብ፣ ምግቡን እንዲሰራ፣ ወደሚወደው ስራ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ሪፈራል ያሉት ፊዚዮቴራፒስቶች እግርሽን አስነስተውልሻል፣ እግዜር ይስጣቸው። የኛ ጥያቄ ደሞ እሺ ተነሳሽ፣ ተነስተሽ ምን ልትሰሪ ነው የሚለው ነው። እኔ ታዲያ በዚህ ስራ ላይ አሲስታንት ነኝ። ማዕረጌ በእንግሊዝኛው ሲያጥር "ኮታ" ነው የሚባለው፣ የቀበሌ ስኳር ይመስል። ሁለት ዓመት ተምሬ፣ 16 ሳምንት ልምምድ ወጥቼ፣ ፈተናውን አልፌ ያገኘሁት ነው፣ አላፍርበትም። ግን አሲስታንት አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ምዘናውን ራሷ አትጀምርም፣ እቅዱንም አትጽፍም። ቴራፒስቷ ታያለች፣ ትመዝናለች፣ ትወስናለች፣ እኔ ታዝዤ አንዳንዱን ልለካላት እችላለሁ፣ ከዛ እቅዱን ይዤ ከሰውየው ጋር ቀን በቀን የምለፋው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት እንደዚህ ሰርቼ ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር። አንቺ ጋ እስክመጣ ድረስ።

እቤት ያየሁትን ልንገርሽና አትቆጪኝ። ቀኝ እጅሽ ከስትሮኩ በኋላ የደከመው አንድ ነገር ነው፣ እጅሽን ስራ ያስፈታው ግን ፍቅር ነው። ትሪው ሲቀርብ ታናሼ ያጎርስሻል፣ ልጅቷ ታጎርስሻለች፣ እትዬ ሲመጡ ያጎርሱሻል፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን አጎረስኩሽ። በግራ መብላት ደሞ ነውር ነው፣ ስለዚህ ቀኝሽ ጭንሽ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ልነሳ ስትይ "ኧረ አንቺ አረፍ በይ" ይሉሻል። በክፋት አይደለም እኮ፣ ሁሉም እየሳሳልሽ ነው። ግን ከስትሮክ በኋላ እጅ ካልተሰራበት አንጎል በሱ መጠቀሙን እየተወ ይሄዳል፣ ይሄን ሜሪላንድ ላይ ለሰው ቤተሰብ በየሳምንቱ የምናገር ሰው የራሴ እናት ቤት ስገባ ጠፋኝ።

በሦስተኛው ቀን ነው የጠየቅኩሽ፣ መስራት የናፈቀሽ ምንድነው ብዬ። ይሄ ጥያቄ ካናዳውያን ያወጡት መለኪያ ላይ ያለ ነው፣ በሽተኛው ራሱ የሚፈልገውን ስራ ይጠራና ምን ያህል አስፈላጊው እንደሆነ ከአስር ይሰጣል። "ቡናዬን" አልሽ። ከአስር ስንት ስልሽ "አስራ አምስት"። እዛ ቁጥር ላይ ነው የተያዝኩት።

ከዛ እንዳየሽው ረከቦቱን ከመሬት አንስቼ ዝቅ ያለችዋ ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት፣ በርጩማዋ ቀረችና ከፍ ያለ ወንበር መጣ፣ ከሷ ላይ መነሳት ስለማትችይ። ከሲኒዎቹ ስር እንዳይንሸራተቱ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ የጀበናዋን እጀታ መዳፍሽ እንዲሞላ በጨርቅ ጠመጠምኩት፣ ውሃውን ግማሽ ብቻ አደረግነው። ከሰሉንና ቡና መቁላቱን ለልጅቷ ሰጠናት፣ እጅሽ ሙቀት በደንብ ስለማይለይ። አቦሉን ስትቀጂ ፈሰሰ፣ እትዬ ሊቀበሉሽ ብድግ ሲሉ "ይተዉአት" አልኳቸው፣ ትልቅ ሰው ላይ ድምጼን ከፍ አድርጌ። ያኔ ያየሽኝ አስተያየት አሁንም አለቀቀኝም። ሰው ከወጣ በኋላ "እንግዳ ፊት አዋረድሽኝ" አልሽኝ። ልክ ነሽ፣ የመጀመሪያው ቀን ሰው በሌለበት መሆን ነበረበት፣ ጥሩ ቴራፒስት እንደዛ አታደርግም። ይቅርታ እማ። ግን ቶናው ላይ ሦስት ሲኒ ሳይፈስ እንደቀዳሽ እኔም እትዬም አይተናል።

የዛን ማታ አብራኝ የምትሰራዋን ቴራፒስት በዋትሳፕ ሁሉንም ነገርኳት። ጎበዝ አለችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ "እጇ ጀበናውን ከያዘ በኋላ ለምንድነው የማይለቀው?" ጡንቻው ገትሮ ነው? ጣት የሚዘረጋው ጉልበት ጠፍቶ ነው? ወይስ መያዙንም መልቀቁንም ስለማይሰማው? ሦስቱም ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ህክምናቸው ግን ይለያያል። መልስ አልነበረኝም እማዬ። ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፣ እጄ ያውቀዋል፣ ለምን የሚለው ጋ ስደርስ ግን የሌላ ሰው ወረቀት ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። ውጪ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት፣ አንቺ እንቅልፍ እንቢ አላት ብለሽ ጄትላግ ነው ተብሎ ታለፈ።

ስለዚህ ትምህርት ልገባ ነው፣ ማስተርስ። እዚህ ቴራፒስት ለመሆን ከማስተርስ በታች አይቻልም። አብዛኞቹ አሲስታንቶች የሁለት ዓመት ዲግሪ ስላላቸው መጀመሪያ ባችለር መጨረስ አለባቸው፣ ወይ ደሞ ሁለቱን የሚያያይዝ ብሪጅ የሚሉት ፕሮግራም ይፈልጋሉ። እኔን ማን እንዳዳነኝ ታውቂያለሽ? ሳሎን የሰቀልሽው ጋውን የለበስኩበት ፎቶ! ያ "ውሃ በላው" የምትይው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ዲግሪ ተገምግሞ እንደ እዚህ ባችለር ተቆጠረልኝ። ታናሼ ሪጅስትራር ሄዶ ትራንስክሪፕቱን በታሸገ ፖስታ ያስላከው ለዚህ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አትንገራት ብዬው ነው፣ እሱን አትቆጪው። የጎደለኝ ሳይኮሎጂ ምናምን ነው፣ ስታትስቲክስ ደሞ ብወስደውም ስለቆየ ድገሚ ተባልኩ። እነሱን ማታ ማታ እየጨረስኩ ነው።

ዶክትሬትም አለ፣ እሱን ብማር ዶክተር ማለትሽ ትክክል ይሆንልሽ ነበር። አስቤበት ተውኩት። ፈተናውም ፈቃዱም ለሁለቱም አንድ ነው፣ ዶክትሬቱ ጊዜና ብር ይጨምራል። ደሞ ይሄን ሙያ በፈረንጆቹ 1917 ኒውዮርክ ውስጥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ተሰብስበው ከመሰረቱት አንዱ ጆርጅ ባርተን የሚባል አርክቴክት ነው፣ ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖበት በአናጺነትና በአትክልት ስራ ራሱን ያነሳ ሰውዬ። ሐኪም አልነበረም። እሱን ዶክተርነት ካላስፈለገው እኔም ይቅርብኝ።

አሁን ወደ ከባዱ። ስራ እየሰራሁ ነው የምማረው፣ ግን መጨረሻ ላይ 24 ሳምንት ሙሉ ቀን ልምምድ አለ፣ ደሞዝ የለውም። ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ ብል አንድ ሳምንት አይቀነስልኝም። ብድር አለ፣ የመንግሥቱ በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነው፣ እሱም ክፍያውን ሁሉ አይሸፍንም። ስለዚህ በየወሩ የምልክልሽ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ግማሽ ይሆናል፣ በልምምዱ ጊዜ ምናልባት ጭራሽ አይኖርም። ከታናሼ ጋር ተነጋግረናል፣ የመድኃኒትሽንና የልጅቷን ደሞዝ እሱ ይችላል፣ እድሩን አስቀድሜ ከፍያለሁ። ለምን በያዝሽው አትቀጥይም እንደምትይ አውቃለሁ። የያዝኩትም እየጠበበ ነው እማዬ፣ ሜዲኬር የሚባለው የሽማግሌዎች መድን ከፈረንጆቹ 2022 ወዲህ ፓርት ቢ በሚሉት ክፍሉ አሲስታንት ለሰራችው የሚከፍለው ቴራፒስቷ ብትሰራው ከሚከፍለው 85 በመቶውን ነው፣ አሰሪ ደሞ ሂሳብ ያውቃል። አካውንቲንግ ለተማረ ሰው ይሄ አይጠፋውም።

ደሞ ተመልሰሽ እዚህ ትሰሪበታለሽ ወይ ብለሽ ነበር። ቃል አልገባም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትምህርቱን እኛም አገር ጀምሮታል፣ ከዛ የሚወጡት ልጆች ሀዋሳ ቢደርሱ እኔን አትጠብቂም፣ በነሱ እጅ ግቢ።

እስከዛ ድረስ ጉርሻ በቀን አንድ ብቻ፣ ለፍቅር። ሌላውን በቀኝሽ ብይ፣ ቢንጠባጠብም ይንጠባጠብ፣ ልጅቷ እንጀራውን ቆራርጣ ታቅርብልሽ። አሞራ ገደል አሳ ሲገዛልሽ ግን እሾሁን እነሱ ያውጡልሽ፣ እሱ ላይ ጀግንነት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ስታፈይ ታናሼ ቪዲዮ ኮል ያድርግልኝ፣ ስልኩን ረከቦቱ ፊት ያቁመው፣ ፊትሽን ሌላ ቀን አየዋለሁ፣ እጅሽን ነው ማየት የምፈልገው፣ ሲኒውን ካስቀመጥሽ በኋላ ጣትሽ እንዴት እንደሚለቅ።

ልጅሽ
ሜሪላንድ

እረስቼው፣ ለእትዬ ዶክተር አለመሆኔን አንቺው ንገሪልኝ፣ መድኃኒታቸውን ሪፈራል ወስደው ያሳዩ። ምንድነች ታዲያ ካሉሽ ወጌሻ ናት በያቸው።