የምክር ቤታችሁን ሥራ በምን ትለኪዋለሽ?

ውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የላክሽልኝን የተማሪ ምክር ቤታችሁን የግማሽ ዓመት ሪፖርት ረቂቅ ደግሜ አነበብኩት። «እማ፣ ይሄ ሥራችንን በትክክል ያሳያል?» ብለሽ መጠየቅሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ተመራጭ የሚጨነቀው ሪፖርቱ ስለ ማማሩ ነው። አንቺ የጠየቅሽው ሌላ ስለሆነ የማስበውን ሳልቆጥብ እጽፍልሻለሁ።

ሪፖርታችሁ ትጋታችሁን ያሳያል። ስንት ጊዜ እንደተሰበሰባችሁ፣ ስንት ዝግጅት እንዳዘጋጃችሁ፣ ለአስተዳደሩ ስንት ደብዳቤ እንደጻፋችሁ ተዘርዝሯል። ለተማሪው ምን እንደተለወጠለት ግን ፈልጌ አጣሁ። የላይብረሪውን ጉዳይ ውሰጂ። «የላይብረሪ ሰዓት እንዲራዘም ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ውይይት ተደርጓል» ይላል። ሰዓቱ ተራዘመ ወይ? ከተራዘመስ ማታ የሚገባ ተማሪ አለ? ዶርም ውስጥ ማጥናት ያቃታት ልጅ አሁን ወንበር ታገኛለች? መወያየታችሁ ሥራ ነው። የሰዓቱ መራዘም የሥራው ውጤት ነው። ያቺ ልጅ ተቀምጣ ማጥናቷ ደግሞ ለውጥ ነው። ተማሪው የመረጣችሁ ለዚህ ለሦስተኛው ነው፤ ሪፖርቱ ግን የመጀመሪያው ላይ ቆሟል።

«እማ፣ ውሳኔው እኮ በእኛ እጅ አይደለም» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። የተማሪ ምክር ቤትን መለካት ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በጀቱን የሚይዘው አስተዳደሩ ነው። የትምህርት ደንቡን የሚያጸድቀው ሴኔቱ ነው። እናንተ ትጠይቃላችሁ፣ ትከራከራላችሁ፣ ትወተውታላችሁ። እንግዲያው ሁለቱን ለይታችሁ ለኩ። በእጃችሁ ባለው ላይ ራሳችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ቅሬታ ያመጣ ተማሪ በስንት ቀን ምላሽ አገኘ? ቃለ ጉባኤው ተማሪው በሚያየው ቦታ ተለጠፈ? በየኮሚቴው ያስቀመጣችኋቸው ተወካዮች ስብሰባ ላይ ይገኛሉ? እዚህ ላይ ሰበብ አይሠራም። በእጃችሁ ያልሆነው ላይ ግን የሚታየው ጉዳዩን እስከ የት እንዳደረሳችሁት ነው። አጀንዳ ሆኖ ተያዘ? በማስረጃ ቀረበ? ውሳኔ አገኘ? «አይሆንም» የሚል መልስ እንኳ ምክንያቱ ተጽፎ ለተማሪው ከተነገረው እኔ ተሠርቷል ብዬ እቆጥረዋለሁ። ተማሪን መከልከሉ ያናድደዋል፤ ጉዳዩ የት እንደገባ አለማወቁ ግን ይብስበታል።

ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ አንድ መዝገብ ነው። ውድ ሶፍትዌር አያሻም፤ ተራ ኤክሴል ይበቃል። ጉዳዩ የመጣበት ቀን፣ ምንነቱ፣ የተመራበት ክፍል፣ መልስ የተገኘበት ቀን፣ ለተማሪው የተነገረበት ቀን ይግቡበት። የመጨረሻዋን እንዳትዘልያት። ጉዳዩ ሬጅስትራር ጋር አልቆ ባለቤቱ ሳይሰማ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የትንኮሳ አቤቱታና የመሳሰለው ግን ሁሉም በሚከፍተው ፋይል ላይ በስም አይጻፍም። ለእሱ ኮድ ስጡት፤ ስሙ ሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ከመዝገቡ ቁጥር ስታወጪ አማካይን አትመኚው። ዘጠኝ ጉዳዮች በአምስት አምስት ቀን ተፈትተው አንዱ 200 ቀን ቢፈጅ አማካዩ 24.5 ቀን ይሆናል። 24.5 ቀን የጠበቀ ተማሪ ግን አንድም የለም። ይልቅ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ደርድሪያቸውና መሃል ላይ ያለውን ውሰጂ። እዚህ 5 ቀን ነው። 200 ቀን የፈጀውን ለብቻው ጻፊው፤ ለምን እንደዘገየም አብራሪ። ሌላው ይበልጥ የተደበቀ ነው። የተዘጉትን ጉዳዮች ብቻ ከቆጠራችሁ ፈጣን ትመስላላችሁ። ቀላሉ ቶሎ ይዘጋል። ከባዱ ክፍት ሆኖ ይከርማል፤ ክፍት ስለሆነም ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ካልተዘጉት መካከል ከ30 ቀን በላይ የቆዩት ስንት እንደሆኑ በየወሩ ስብሰባችሁ ላይ ይነበብ። እኔ ሪፖርታችሁ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ቁጥር ነው።

«አብዛኛው ተማሪ በምክር ቤቱ ረክቷል» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ግን አውጪያት። የመጠይቁን ሊንክ የለቀቃችሁት በራሳችሁ ቻናል ነው። ቻናሉን የሚከታተለው ቀድሞም የሚያውቃችሁ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ጊዜ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ መጽሔት ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጋ የመልስ ወረቀት ሰብስቦ ከሁለቱ ዋና ዕጩዎች ላንደን ያሸንፋል ብሎ ነበር። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ ወረቀቱን የላከው በአብዛኛው ስልክና መኪና ላላቸው፣ ማለትም ያኔ ሻል ያለ ኑሮ ለነበራቸው ሰዎች ነበር፤ ሞልተው የመለሱትም ከሁሉም ወገን እኩል አልነበሩም። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ ግን በጣም ባነሰ ናሙና አሸናፊውን አወቀ። የመላሹ ብዛት የአመራረጡን ስህተት አያርመውም። እናንተ ከጠቅላላው የተማሪ ዝርዝር ላይ 400 ሰው በዕጣ መርጣችሁ ሁሉንም ብትጠይቁ፣ ግምታችሁ ከመቶ 95 ጊዜ ከእውነተኛው ቁጥር በ5 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ቢለይ ነው። አድካሚው የተመረጠውን እየተከታተሉ መልሱን ማግኘት ነው። ዕጣ የወጣለት አልመልስም ሲል በጓደኛው መተካት ግን የለም።

ጥያቄውንም ለውጡት። «በምክር ቤቱ ሥራ ረክተዋል?» ሲባል ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ወይ ደግሞ ያን ቀን የተናደደበትን ነገር ይመልሳል። «በዚህ ሴሚስተር ከግቢው ጋር የተያያዘ ችግር ገጥሞህ ነበር? ለማን ነገርክ? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለማንም አልነገርኩም» የሚለው መልስ ብዙ ያስተምራችኋል። መልሱን ደግሞ ለያዩት። የፍሬሽ ተማሪው ለብቻ፣ የማታው ለብቻ፣ አካል ጉዳተኛው ለብቻ፣ የድኅረ ምረቃው ለብቻ ይታይ። በጥቅሉ ሲታይ ደህና የሚመስል ቁጥር ውስጥ ምክር ቤት መኖሩን እንኳ የማያውቅ ቡድን ሊኖር ይችላል። ልጄ፣ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቢሯችሁን የሚያንኳኳው ተማሪ ድፍረቱም ጊዜውም ያለው ነው። የማያንኳኳው ግን ችግር ስለሌለበት አይደለም።

የምርጫ ተሳትፎን መለኪያ እናድርገው ላልሽው፣ ይያዝ፤ ግን ብዙ ክብደት አትስጪው። ጠብ ባለበት ዓመትም ድምፅ ሰጪ ይበዛል።

አንድ ሐሳብሽን ግን አልወደድኩትም። ብዙ ጉዳይ ለፈታ ዘርፍ ሽልማት ይሰጥ ያልሽውን ማለቴ ነው። ቻርልስ ጉድሃርት የተባለ እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ለቁጥጥር መሣሪያ የተደረገ አኃዝ አስተማማኝነቱን እንደሚያጣ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የሰው ልጅን ባህልና ማኅበረሰብ የምታጠናው አንትሮፖሎጂስት ማሪሊን ስትራተርን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች እንዴት እንደሚገመገሙ ስትጽፍ ሐሳቡን ጠቅለል አድርጋ አስቀመጠችው፤ መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱ ይቀራል። ሽልማቱ ሲመጣ የሚሆነው ግልጽ ነው። የጠፋ መታወቂያ ማስተካት አንድ ጉዳይ ነው። በመምህር በደል የደረሰባትን ተማሪ እስከ መጨረሻው አብሮ መቆምም አንድ ጉዳይ ነው። ሁለቱ እኩል ከተቆጠሩ ሁሉም ወደ መታወቂያው ይሮጣል። ቁጥሩ ያምራል፣ ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች። ስለዚህ ከቁጥሮቹ ጎን ሁለት ሦስት ከባድ ጉዳዮችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተርኩ። ምን ተጠየቀ፣ ማን ዘንድ ቆመ፣ ምን ተገኘ። ያልተሳካውም ይግባበት።

ማን ይለካ ለሚለው፣ እናንተ ብቻችሁን አትለኩ። አስተዳደሩም ውጤት ሰጪያችሁ አይሁን። በጀት የሚሰጥ አካል ነጥብም የሚሰጥ ከሆነ ዝም ያለ ምክር ቤት አንደኛ ይወጣል። ከየፋኩልቲው ተማሪዎች በዕጣ ይመረጡና መዝገቡንና ሒሳቡን ይመርምሩ። በመካከለኛው ዘመን በጣሊያን በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ በማኅበራቸው አማካይነት ያረፈደንና ሳይፈቀድለት የቀረን መምህር ይቀጡ ነበር። ደንቡ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ጥፋቱ አያከራክርም። እናንተም ለራሳችሁ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መለኪያ ይኑራችሁ፤ ዓመቱ ሳይጀመር ይጻፍ። ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚመረጥ መለኪያ ሁልጊዜ ላሸናፊነት የሚመች ነው። ሒሳቡ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። ከበጀቱ ምን ያህሉ ለአባላት መስተንግዶ፣ ለቲሸርትና ለጉዞ እንደዋለ፣ ምን ያህሉ ተማሪው ጋ እንደደረሰ በግልጽ ይውጣ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የትምህርት ሕግ የተማሪ ማኅበራት ሒሳብ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲወጣና ተማሪ ሁሉ እንዲያየው ያስገድዳል። እናንተ ማንም ሳያስገድዳችሁ ብታደርጉት እንዴት ባኮራሽኝ!

የአንድ ዓመት ሥልጣን አጭር ነው። ዘንድሮ የጀመራችሁት የደንብ ማሻሻያ የሚጸድቀው ምናልባት ከእናንተ በኋላ ነው። ስለዚህ ርክክቡም ይለካ። ተተኪዎቻችሁ ክፍት ጉዳዮቹን ከነታሪካቸው ይረከባሉ፣ ወይስ ባዶ ቢሮና ቁልፍ? ከተሰናበታችሁ ከሦስት ወር በኋላ ካስረከባችኋቸው ጉዳዮች ስንቱ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ የሚያይ ሰው ከአሁኑ መድቡ።

ሪፖርቱ ለጠቅላላ ጉባኤ እስኪቀርብ ጊዜ አለሽ። በምርጫ ቅስቀሳችሁ የገባችሁትን ቃል አውጪና ከእያንዳንዱ ጎን «ተፈጸመ»፣ «ተጀመረ»፣ «አልተሳካም» ብለሽ ምክንያቱን ጻፊ። «አልተሳካም» ስትይ እጅሽ እንዳይሳሳ። የመዝገቡን ቅጽ ከጸሐፊያችሁ ጋር አዘጋጁና ላኪልኝ፤ አይቼ እመልስልሻለሁ። እንቅልፍሽንም አትርሺ።

የምትወድሽ እናትሽ