እርጥብ እንጨት አትሥራ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምክ የኔ ጌታ? እኔም እህትህም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አጎትህ ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር። ለጥር ሰርግ ቁም ሳጥን ልትሠራ ተዋውለሃል አለኝ። ደስ አለኝ። ጣውላው ግን ባለፈው ክረምት የተቆረጠ ዋንዛ ነው ሲለኝ እንጀራው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ልጄ፣ እርጥብ እንጨት አትሥራ።

ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው፤ ለመላጊያም ለመሮም እሺ ይላል። ግን ይድረቅ። አያትህ 1 ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ 1 ዓመት ጥላ ሥር ይተኛል ይሉ ነበር። በድንጋይ ከመሬት ከፍ ያደርጉታል። ነፋስ እንዲያልፍ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ያጋድማሉ። ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ እንዳይሰነጠቅ ቀለም ይቀቡታል። አንተ ደግሞ ሚዛን አለህ። አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ መዝነው። መቅለሉን ሲያቆም ያኔ ደርቋል።

እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ነጋዴ ለልጁ ሰርግ ሳጥን ሊያሠራ መጣ። እንጨቱን ራሱ ጭኖ ነው የመጣው፤ ነሐሴ ላይ የተቆረጠ። አያትህ ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ "ለከርሞ ይምጣ" አሉ። ሰውየው ገንዘብ ጨመረ። እምቢ አሉ። ያን ዓመት ቤታችን ቸግሮት ነበርና እናቴ አኩርፋቸው ሰነበተች። ሳጥኑን ሌላ ሰው ሠራው። ለፋሲካ ክዳኑ ለሁለት ተሰንጥቆ ነጋዴው ደጃችን ይዞት መጣ። አያትህ ክፉ አልተናገሩትም። ከራሳቸው ደረቅ ጣውላ አዲስ ክዳን ሠሩለት። ሰፊውን ጣውላ በኮላ አላጣበቁትም፤ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ለቀቅ አድርገው አስገቡት። እንጨት በቁመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። መላወሻ ካጣ ይሰነጠቃል።

ያን ሌሊት ኩራዝ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መሮ እንድይዝ ግን አንድ ቀን አልፈቀዱልኝም፤ ሴት ልጅ ነኛ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተ መሮ ይዘህ ሳያዩህ መሞታቸው ደግሞ ከዚያም በላይ። እጅህ እኮ የሳቸው እጅ ነው።

መጋዙ ላይ ስትቆም ፎጣህን ከአንገትህ አውርድ። ሰምተሃል? ቫርኒሽ ስትቀባ በሩን ክፈት። ምሳም አትዝለል፤ ከስቷል ብለውኛል።

ነገ ጠዋት ሄደህ ቁም ሳጥኑን ያዘዘህን ሰው አነጋግረው። ደረቅ ጣውላ ይግዛ፤ አይሆንም ካለ ቀብዱን መልስለት። ቀብዱን በልተኸው ከሆነ ደውልልኝ። አልቆጣህም፤ ጠቦቱን እሸጣለሁ። እርጥብ እንጨት ግን አትሥራ።

በርበሬና ሽሮ በአጎትህ ልኬልሃለሁ። ጣሳዎቹን ሲመለስ ስጠው፤ ለቅቤ እፈልጋቸዋለሁ።

እናትህ