ከምስጢር ቃል ወደ ሰርተፍኬት ስለመዛወር

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልዲያ ለምትገኙ ውድ ደንበኞቻችን፦

የመጋዘን ፕሮግራማችሁ የማታውን ሪፖርት በኢሜይል የሚልከው በማይክሮሶፍት ኤንትራ (ማን እንደሚገባ በሚያረጋግጠው የማይክሮሶፍት አገልግሎት) ተመዝግቦ ነው። እስካሁን የሚገባው በምስጢር ቃል ነበር፤ ያን ቃል ያገኘ ሁሉ ከየትም ሆኖ በፕሮግራሙ ስም መግባት ይችላል። ሰርተፍኬት ግን እንደ ዲጂታል መታወቂያ ነው፤ ምስጢር የሆነ የግል ቁልፍና ለሌላ የሚሰጥ ይፋዊ ቁልፍ አለው። በሰርተፍኬት ሲሆን የግል ቁልፉ ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። ፕሮግራሙ በግል ቁልፉ ይፈርማል፣ ማይክሮሶፍት ፊርማውን በይፋዊው ቁልፍ ያመሳክራል።

ስለዚህ አደራ፣ የፒ-ኤፍ-ኤክስ ፋይል በቴሌግራም አትላኩልን፤ የግል ቁልፉን የያዘው እሱ ነው። ለኛ ይፋዊውን ቁልፍ ብቻ የያዘው የሲ-ኢ-አር ፋይል ይበቃናል።

ሰርተፍኬቱን ፕሮግራሙ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ በፓወርሼል (በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) ፍጠሩት፦ የቁልፉ ዓይነት አር-ኤስ-ኤ 2048 ቢት፣ የ1 ዓመት ዕድሜ፣ ቁልፉ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የተከለከለ። ሲ-ኢ-አሩን በኤንትራ «ሰርተፍኬትስ ኤንድ ሲክሬትስ» ገጽ ላይ ጫኑ። የሰርተፍኬቱን መለያ (ተምፕሪንት የሚባለውን) ወደ ፕሮግራሙ ስትገለብጡ ቁጠሩት፤ 40 ፊደልና አኃዝ ነው። ከዊንዶውስ መስኮት ሲገለበጥ መጀመሪያው ላይ የማይታይ ምልክት ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለና 41 ከሆነ እሱን አጥፉ። ፕሮግራሙ የሚሠራበት አካውንት የግል ቁልፉን የማንበብ ፈቃድም ይፈልጋል። ፈቃዱ ካልተሰጠ ዊንዶውስ ቁልፉ የለም ይላል፤ ቁልፉ ግን አለ፣ አዲስ አትፍጠሩ።

ከሁሉ በላይ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ፕሮግራሙ ለመግባት ፈርሞ የሚልከው ማረጋገጫ የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ 9:00 ማለት አለበት። በኛ አቆጣጠር 3:00 ብላችሁ ካስተካከላችሁት 6 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፣ ማይክሮሶፍትም በስህተት ቁጥር 700024 ይመልሰዋል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ የሚዛባ ከሆነ የእናት ሰሌዳው ባትሪ አልቋል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲ-አር 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው፣ ቀይሩት። ቁጥር 700027 ከመጣ ግን ከሰዓት ጋር አይገናኝም፤ ብዙውን ጊዜ የተፈረመበትና የተጫነው ሰርተፍኬት የተለያዩ ሆነው ነው።

ሪፖርቱ በሰርተፍኬት መሄዱን ስታረጋግጡ የድሮውን ምስጢር ቃል ከኤንትራ ሰርዙ። ካልተሰረዘ በሩ እንደተከፈተ ነው። ለእድሳት ደግሞ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ፤ ኤንትራ ሁለት ሰርተፍኬት ጎን ለጎን ይቀበላል፣ ስለዚህ አንድ ወር ሲቀረው አዲሱን ጫኑ፣ ሞክሩት፣ ከዚያ አሮጌውን አንሡ።

ከአክብሮት ጋር